በፈቃዴ የተቆረጠ አንጀት

ጥቅምት 9 ቀን 1931

ዛሬ ገብስ አሰጣን። ፀሐይዋ ደግ ነበረች። እማማ ደሜ ዶሮ ሲያባርሩ እኔ ጠጠር ለቀምኩ። ወደ ጓሮ የሮጥኩት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው… ለእኔ ይሄ ጥሩ ቀን ነው።

ምሳ ሽሮ ነበር። ቀመስ አደረግሁ። ከሰዓት በኋላ ሆዴ በቀኝ በኩል ተቆለፈ። እንደ ሁልጊዜው። መጀመሪያ ይነፋል፣ ከዚያ ይጠማዘዛል፣ ከዚያ አንድ ነገር በጠባብ መንገድ እንደሚያልፍ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ሩጫ። ጎንበስ ብዬ ቆየሁ። እማማ ደሜ አዩኝና ኮሶ ጠጪ አሉኝ። ስንተኛዬ ነው? የሆድ ትል ቢሆን ኖሮ እስካሁን ከነዘሩ ያልቅ ነበር።

ቀሚሴ ሰፍቶኛል። መቀነቴን ባጠብቀው ባጠብቀው ይወርዳል። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ ከጓሮ የምመለሰው ግድግዳ ይዤ ነው።

ባሌ ነገሬ ከሄደ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ወጨጫ ላይ ነው፣ ከአርበኞቹ ጋር። ተራራው ከደጃችን ይታያል። እናቱ እማማ ደሜ ጠዋት ጠዋት ልጃቸውን የሚያዩት ይመስል ወደዚያ ያፈጣሉ። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም… ቢያገኙት ቤቱን በላያችን ያቃጥሉታል። ታዲያ ለማን ላውራው?

ጥቅምት 17

ጋሼ ተክለሃይማኖት መጣ። ታላቅ ወንድሜ። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ።

ፉርኖ ዳቦ ይዞልኝ መጣ። እማማ ደሜ ሰላምታውን አልመለሱም። ዳቦውን ተቀብለው እፊቱ ለውሻ ወረወሩት። ውሻው በላው። እኔ ግን ቀደም ብዬ ቁራሽ ደብቄ ነበር፤ በኋላ በላሁት። ያለ ጸብ ሆዴ ውስጥ ተቀመጠ። የሚያናድደው ይሄ ነው።

አባባን የካቲት ላይ ጣሊያኖቹ መንገድ ዳር ገደሉት። ያገኘው ጋሼ ነው። ተሸክሞ ያመጣውም እሱ። ወሩ ሳይወጣ ሄዶ ተቀጠረላቸው። ያኔ ለምን ስለው “እናንተን ማን ያብላ?” አለኝ። ዛሬም ብጠይቀው ያንኑ ነው የሚለኝ። አልጠየቅሁትም።

እጁን ሆዴ ላይ አሳረፈ። ቀኙ ላይ ያለውን እብጠት ሲነካ ፊቱ ተለወጠ። ሆድ ከፍቶ የሚያክም ካፒታኖ፣ የጣሊያን ጦር ሐኪም፣ አለ አለኝ፤ እኔ አስገባሻለሁ። እንዴት አድርጌ እሺ እላለሁ? እንዴት አድርጌስ እምቢ?

ጥቅምት 24

አስመለሰኝ። ውሃውን እንኳ። ቀኑን ሙሉ።

ጥቅምት 29

ወርቅአፈራሁ አለፈች። ከመናገሻ ጫካ እንጨት እየለቀመች ከተማ የምትሸጥ ናት። ከተራራው ወሬ የምታመላልስልንም እሷ ናት። ለነገሬ ንገሪልኝ አልኳት… ታምሜያለሁ፣ ያለ ቢላ አልድንም ይላሉ፣ ቢላው ያለው ጣሊያን ዘንድ ነው፣ ምን ትላለህ?

ኅዳር 5

መልሱ መጣ። ወርቅአፈራሁ ሸክሟን ሳታወርድ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነገረችኝ።

“ሆዷን ለጣሊያን ቢላ ከሰጠች፣ ሞታለች ብዬ እቆርጣለሁ ብሏል።”

ከሳች ወይ ብሎ ጠየቀሽ አልኳት። አልጠየቀም። ትበላለች ወይ? አልጠየቀም።

እማማ ደሜ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። የምንኖርበት ቤት የአባቴ ነው፤ ነገሬ ግን ከተራራ ላይ ሆኖ ከዚህ ቤት ያስወጣኛል።

ኅዳር 8

ጋሼ በቅሎ ይዞ መጣ። ሄድኩ። ኬላው ላይ ወረቀቱን አሳይቶ አሳለፈኝ። ወታደሮቹ አንድ ነገር ተባብለው ሳቁ። ምን አሉ ስለው ምንም አለኝ።

ካፒታኖው ሽማግሌ ነው። ጣቶቹ በሲጋራ ጠቁረዋል። እጁ ቀዝቃዛ ነው፤ ግን ሲነካ ያውቅበታል። ሆዴን ደጋግሞ ዳሰሰ። ቁጭ አለና ረጅም ነገር ተናገረ። ጋሼ እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፦

“የታመመውን ቆርጦ ያወጣዋል፣ ትድኛለሽ ይላል።”

ያን ሁሉ ተናግሮ ይቺ ብቻ? ትምህርት ቤት የተማርኩት ፈረንሳይኛ ከእነሱ ቋንቋ ጋር ይቀራረባል። ሞት የሚል ሰምቻለሁ። ይመለሳል የሚል ሰምቻለሁ። በፈረንሳይኛ ጠየቅሁት። ካፒታኖው ብዕሩን አስቀመጠ። ጋሼ መሬት መሬት አየ።

እንደገና፣ ቀስ ብሎ ነገረኝ። እንዳልረሳው እጽፈዋለሁ። ትንሹ አንጀት ከትልቁ በሚገናኝበት ቆስሎ ወፍሯል፣ መንገዱ ጠቧል። በሽታው ስም ከወጣለት ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ከምን እንደሚመጣ እሱም አያውቅም፤ ማንም አያውቅም። የታመመውን ይቆርጥና ሁለቱን ጫፍ ይሰፋል። እንደዚህ ከቆረጣቸው አራት ሰዎች አንዱ አልተነሳም። ስፌቱ ካፈሰሰ ሆድ ውስጥ መግል ይሞላል፤ ያኔ የሚያደርገው የለውም። ቢይዝም በሽታው ሊመለስ ይችላል። ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ ከስፌቱ በላይ ነው። ተቅማጡም ጨርሶ ላይተወኝ ይችላል።

ካልተቆረጠስ አልኩት።

ይዘጋል አለ። ረሃብና ምጥ አንድ ላይ ማለት ነው።

ሌሎቹን ትነግራቸዋለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ለአስተርጓሚው እነግራለሁ አለ። ደግሞ፣ አልጋ ያገኘሽው ወንድምሽ ስለሚጠቅመን ነው፣ ሌላ አይምሰልሽ አለኝ። እውነት መናገር ይችልበታል።

ስለ ሆዴ ሳይቀንስ የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው ያንን ልብስ የለበሰ ነው። ኮሶ ያጠጡኝ አልነገሩኝም። ወንድሜ አልነገረኝም። ባሌ አልጠየቀም። ለጠላቴ አመሰግናለሁ አልኩት። ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። ሞት ፈርቼ አይደለም… ስላመሰገንኩት ነው።

ኅዳር 14

ገባሁ። የአገሬው ሴቶች ክፍል ከኋላ ነው፣ ከኩሽናው ጎን። አልጋዎቹ ተጠጋግተዋል።

ከጎኔ ያለችው ሸዋገነት ትባላለች። ጠጅ ሻጭ። አንጀቷ ተቋጥሮ ነው የመጣችው፤ የሞተውን ቆርጠው ሰፍተውላታል። ጨዋታ አዋቂ ናት። ስስቅ ስፌቴ ይነካኛል እያለች ራሷን ታስቃለች። ሆለታ ያገባች ልጅ አለቻት። ድኜ እስክነሳ እንዳትነግሯት፣ ትደነግጥብኛለች ብላለች።

ሐኪሙ ምን አለሽ ብዬ ጠየቅኋት።

“ወንድምሽ ነው ያስተረጎመልኝ። ትድኛለሽ አለኝ፤ አፉ ይባረክ።”

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ኅዳር 16

ሸዋገነት አተኮሳት። አትቀልድም። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ካፒታኖው መጣ፣ ነካ አደረጋት፣ ወጣ። ፊቱን አየሁት። ገባኝ። ከክፍሉ የገባው ለእኔ ብቻ ነው።

“ትንሽ ነው የቀረኝ መሰለኝ፣ ይሻለኛል” አለችኝ። ምን ልበላት? አዎ አልኳት። እኔም።

ኅዳር 17

ሞተች። ልጇን እየጠራች።

ጋሼ ሲመጣ ነገርኩት። አልጋውን ሲያየው ቆየ። “ብነግራት ምን ታደርግ ነበር? ካልተቀደደች ያው ትሞት ነበር” አለኝ።

“ልጇን ታስጠራ ነበር” አልኩት።

ስለሱ ሳስብ ልቤ ሁለት ይሆናል። ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ኅዳር 18

ነገ የእኔ ተራ ነው። የሸዋገነትን አልጋ አጥበው ሌላ ሴት አስተኝተውበታል። ካፒታኖው መጣና አይተሻል፣ አሁንም ትፈልጊያለሽ ወይ አለኝ። በሩ ክፍት ነው። ልብሴ ከራስጌዬ ነው። ተነስቼ መሄድ እችላለሁ።

አዎ አልኩት።

ማንም አላስገደደኝም። ማንም አልለመነኝም። መትረፍ ስለምፈልግ ነው። ይህ እዚህ ይጻፍ።

ኅዳር 29

አለሁ።

ታኅሣሥ 4

እርሳስ መያዝ ቻልኩ። በጨርቅ ላይ የሚያንቅ ሽታ አሸተቱኝ… ከዚያ ምንም። ስነቃ ሆዴ ላይ ሰው የቆመብኝ መሰለኝ። ከሕመሙ ጥሙ ይብሳል። ከንፈሬን በእርጥብ ጥጥ ያብሱልኛል፤ ጥጡን ልነክሰው ስል ፈረንጇ መነኩሲት ተቆጣችኝ። ትኩሳቱ መጣብኝ። መጣ አልኩ… የሸዋገነት መጣ። ቆየ፣ ቆየና ወረደ። ለምን ለእኔ ወረደ? ለምን ለሷ አልወረደም? ካፒታኖውን ብጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ።

ጾም ነው። ወተት ሰጡኝ። ጠጣሁት።

እማማ ደሜ መጡ! ከኮልፌ ቤታችን በእግራቸው፣ የገብስ አጥሚት በቅል ይዘው። ወደ ውስጥ እስኪያስገቧቸው በሩ ላይ ፀሐይ መቷቸዋል። ቁስሌን አላዩትም፤ የቆሸሸ ጨርቄን ሰብስበው በነጠላቸው ቋጠሩ። ልጅዎ ያለውን ሰምተዋል አይደል ወይ አልኳቸው።

“እሱ ጫካ ነው። ጨርቅሽን የማጥበው እኔ ነኝ” አሉኝ።

ጥር 20

ቤቴ ነኝ። ከእምብርቴ በላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ጠባሳ። ቀይ። ሲነካ ይበላኛል።

የሚጠይቀኝ ጎረቤት የለም። ጎረቤታችን ዋጋነሽ ምንጩ ላይ ለሴቶቹ “ባንዳ ወንድሟ ያስቀደዳት” ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። አየችኝና ድምጿን አልቀነሰችም። ስደርስ ሁሉም እንስራቸውን አነሱ።

ወርቅአፈራሁም ታልፋለች። ከላይ ምንም አልተላከም። ለሞተ ሰው ምን ይላካል?

ነሐሴ 11 ቀን 1932

ይህን ካነሳሁት ዓመት አለፈ። የሚጻፍ ነገር ስላልነበረ ነው… ስላልታመምኩ። ሥጋ ለበስኩ። መቀነቴ ይዟል። ጎመን ከበላሁ ጓሮ ነው የምውለው፤ ተቅማጡ ጨርሶ አልተወኝም። ግን ያ መጠማዘዝ የለም። ሽሮ በላሁና ተኛሁ፣ ነቃሁ፣ ምንም። ሰው ይሄን እንደ ቀላል ነገር ነው የሚኖረው?

የምነግረው ሰው ግን የለም።

መጋቢት 30 ቀን 1933

ጣሊያን ወጣ። እንግሊዞቹ ገቡ። በታች በኩል ያለው መንገድ በሰው ሞልቷል። እማማ ደሜ ደጅ ወጥተው እስኪደክማቸው እልል አሉ። እኔም አልኩ። አባባን አሰብኩ።

ጋሼ ቤቱ ተቀምጧል። ሽሽ ብዬ ላክሁበት። “የት?” አለ።

ሚያዝያ 12

ነገሬ መጣ። ጎፈሬው ትከሻው ደርሷል። ከስቷል፣ ግራ እጁ አይታጠፍም። ጠላሁት ብዬ ነበር… ሳየው እግሩን የማጥብበት ውሃ ላሞቅ ተነሳሁ። እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው አልለቅ አሉ። እኔን ዓይን ዓይኔን አየኝና “አለሽ?” አለ። አለሁ አልኩት።

ማታ ስንተኛ ጠባሳውን በጣቱ ከላይ እስከ ታች ሄደበት። ይቅር አለኝ ብዬ ተኛሁ። ምን አጥፍቼ?

ሚያዝያ 23

ለነገሬ ድግስ ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ከተራራው አብረውት የወረዱት ቀጄላና ሌሎቹ፣ ሴቶቹ ሁሉ። ሲበላ ሲጠጣ ውሎ ነገሬ ተነሳ። ስለ ውጊያው ተናገረ። ከዚያ ወደኔ ጠቆመ።

“ባልሽ የት እንዳለ ተናገሪ ብለው ሆዷን ቀደዱት። አልተናገረችም።”

አልገባኝም መጀመሪያ። ስለማን ነው የሚያወራው?

ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ዋጋነሽ፣ ያቺ ዋጋነሽ፣ እግሬን ልትስም ጎነበሰች። ያኔ በበቅሎ ስሄድ በዓይናቸው ያዩኝ ሰዎች ናቸው። ሁሉም አለቀሱ። ረስተውት ነው? ወይስ ይሄኛው ወሬ ይጥማል?

ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ? ስለጣፈጠኝ። እውነቱ ይሄ ነው። ሰው ሲነሳልኝ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

ሰው ሲሄድ ጠየቅሁት። “ምን ልበል? ሚስቴ በእግሯ ሄደች ልበል? ይሄ ለሁላችንም ይሻላል” አለ። አንተ እኮ ሞታለች ብለህ ልከህብኛል አልኩት። እሱን ተይው አለኝና ዞሮ ተኛ።

ግንቦት 6

ጋሼን ያዙት። አስተርጓሚ ስለነበረ ነው ብዬ ነበር። ለዚያ ብቻ አይደለም። እህቱን ለጠላት አሳልፎ ሰጥቶ ሆዷን አስቀደደ ብለውታል። በዚህ ከተፈረደበት ይሰቀላል አለኝ ቀጄላ። ደስ የሚለኝ መስሎት ነው የነገረኝ።

ነገሬን ለመንኩት። ሂድና ተሳስቻለሁ በል አልኩት። በሰው ፊት የተናገርኩትን አላጥፍም አለ። ወንድሜ ነው አልኩት። ባንዳ ነው አለ።

ሁለቱም እውነት ነው።

ግንቦት 13

በቀኝ በኩል… ከጠባሳው በላይ። አይደለም። ጎመኑ ነው።

ግንቦት 15

ጎመኑ አይደለም።

ግንቦት 21

ዳኛው ፊት ቀረብኩ። ሰዉ ከግቢው ተርፎ አጥር ላይ ወጥቷል። ሆዴን አስሬ ነው የሄድኩት፤ ጠዋት ተጠማዞብኝ ነበር። ጋሼ ታስሮ ቆሟል። አላየኝም። ነገሬ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጧል። ዳኛው የኔ ልጅ፣ በደልሽን ተናገሪ አሉኝ። አንድ ሰው ጠባሳውን ታሳየን አለ።

ጠባሳውን አላሳየሁም፤ ለዳኛው ተናገርኩ።

“የተቆረጥኩት በፈቃዴ ነው። አንጀቴን ታምሜ ነበር። ወንድሜ አልጋ አስገኘልኝ እንጂ አልሸጠኝም። ሐኪሙ ልትሞቺ ትችያለሽ አለኝ፣ ሊመለስም ይችላል አለኝ፣ ሰምቼ አዎ አልኩ። ባሌ እንዳልቆረጥ ከጫካ ልኮብኛል፤ እምቢ አልኩት።”

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። አታላለችን አለች አንዲት ሴት። እኔ ነኝ ያታለልኩ?

ዳኛው እማማ ደሜን አስጠሩ። ልክ ነው ወይ አሏቸው። ልጃቸውን አዩ። እኔን አዩ።

“አርጅቻለሁ ጌታዬ። አላስታውስም” አሉ።

ያ ሁሉ መንገድ በእግራቸው… አላስታውስም! ከሆዴ ይልቅ ይሄ አመመኝ።

ጋሼን ከዚያኛው ክስ አወጡት። በማስተርጎሙ እስራት ፈረዱበት። አይሰቀልም። ሲወስዱት አየኝ፤ ራሱን ዝቅ አደረገ። ሸዋገነት ትዝ አለችኝ። ለሷ ማን ይጠየቅ? ማንም አልከሰሰውም።

ሰኔ 1

ነገሬ ልብሱንና ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። ሰው ፊት አዋረድሽኝ አለ። ድምፁን አላነሳም። መናገሻ ከጓዶቹ ጋር መሬት ተሰጥቶታል። እናቱን ነይ አላቸው። ኋላ እመጣለሁ አሉት።

ምንጩ ላይ ሴቶቹ እንደገና እንስራ ያነሳሉ። ዋጋነሽ ትተፋለች።

ሰኔ 8

ዛሬ ውሃውንም አስመለሰኝ። እብጠቱ ተመልሷል፤ በእጄ አገኘሁት። የቀድሞው ሐኪም ምርኮኛ ሆኖ ተወስዷል፤ ክፍሉ ውስጥ አሁን እንግሊዝ ነው ያለው አሉ። ሰኞ እሄዳለሁ። የሚያስገባኝ ወንድም የለኝም። የሚከለክለኝ ባል የለኝም። ማን ቆረጠሽ ካለኝ እነግረዋለሁ፣ ምን ያህል እንደቆረጠም፣ ለምን እሺ እንዳልኩም።

እማማ ደሜን ከዳኛው ቤት ከተመለስን ወዲህ አላናገርኳቸውም። ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ አጠገቤ ይቀመጣሉ። ለምን እንደቀሩ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸው። ይቅር አላልኳቸውም። እንጃ… የልጅ እናት ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ሲያልፍልኝ፣ ሐኪሙ ምን ይልሽ ይሆን አሉኝ። ይሻልሻል ይላል ብዬ ልተወው ነበር። አልተውኩትም። አንዱንም ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ዳግመኛ ሲቆረጥ የሚቀረው አንጀት ያንሳል። ስፌቱ ያፈስ ይሆናል። ልሞት እችላለሁ። ብተርፍም ደግሞ ይመለስ ይሆናል፤ ሦስተኛም ይኖር ይሆናል። ካልሄድኩም ይዘጋል።

ይቆጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ተይ በስመ አብ በይ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

“ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?” አሉኝ።